የልጁ መቃብር

የታክሲው ሹፌር ሁለት ጊዜ ጠየቀን። የምንሄድበትን የነገረው የወንድሜ ልጅ ነው፤ ሺያን ከተማ ምህንድስና ሲማር አራተኛ ዓመቱን ይዟልና ቻይንኛውን አቀላጥፎ ይናገራል። ሹፌሩ በመስተዋቱ አየኝና አንድ ነገር አለ።

«ምን አለ?»

«የሸክላ ወታደሮቹ ያሉት በወዲያ በኩል ነው፣ ተሳስታችኋል ነው የሚለው።»

እንዳልተሳሳትን አስረዳው። ሰውየው ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ነዳ።

የሸክላ ወታደሮቹን ትናንት አይተናቸዋል። ዛሬ የወጣነው የጌታቸውን ልጅ ፍለጋ ነው። ከከተማዋ በስተ ደቡብ፣ ቹጂያንግ በተባለው ሰፈር፣ አዳዲስ ፎቆች መሀል አንድ ትንሽ መናፈሻ አለ። በውስጡ ሣር የለበሰ የአፈር ጉብታ ይታያል፤ ቁመቱ አምስት ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከፊቱ ጽሑፍ የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል። የተቀበረው ሰው ሁሃይ ይባላል፤ የቺን ሥርወ መንግሥት ሁለተኛው ንጉሠ ነገሥት ነበር። ሁለት አሮጊቶች እጃቸውን እያወዛወዙ በእርጋታ ይዞሩታል። አንድ ሽማግሌ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ከእነሱና ከእኛ በቀር ሰው የለም።

«ጋሼ፣ በጠዋት የቀሰቀሱኝ ለዚህ ነው?» አለኝ ልጁ።

ለዚህ ነው። ነገሩ እንዲገባው ግን ከአባትየው መጀመር ነበረብኝ።

ሊንቶንግ ከሺያን በስተ ምሥራቅ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ አገሩ ደግሞ በሮማን የታወቀ ስለሆነ መንገዱ ዳርና ዳር የሮማን ቁልል ነው። የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት የቺን ሺ ኋንግ መቃብር ከሩቅ ላየው ኮረብታ ይመስላል፤ የሰው እጅ የከመረው አፈር መሆኑን የሚያውቅ ብቻ ነው ቆሞ የሚያየው። እስከ ዛሬ አልተከፈተም። የሸክላ ሠራዊቱ የቆመው ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ ነው። በመጋቢት 1966 ዓ.ም. ድርቅ ያስጨነቃቸው ገበሬዎች የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ከውሃው ፊት የሸክላ ራስ አገኙ። ዛሬ በሦስቱ ጉድጓዶች ውስጥ ያሉት ምስሎች ወደ 8,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። የመጀመሪያው ጉድጓድ ብቻ 230 ሜትር ርዝመትና 62 ሜትር ስፋት አለው። ስልኩን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ የያዘ ሕዝብ ከኋላ እየገፋን፣ እኛም እየተገፋን፣ አጥሩ ጋ ደረስን።

ስለ ግርማቸው ብዙ ተጽፏል፣ እኔ አልጨምርበትም። ዓይኔ ያረፈው ሌላ ነገር ላይ ነው። በአንዳንዶቹ ምስሎች ገላ ላይ የሠሪው ስም ተጭኗል። ከጉድጓዱ በወጡት የነሐስ መሣሪያዎች ላይም እንዲሁ፤ የሠራው አንጥረኛ፣ የበላዩ ሹም፣ አልፎ አልፎም የአገሩ ጠቅላይ ሹም ስም ሳይቀር ተቀርጾባቸዋል። የእኛ አገር ሸክላ ሠሪ በእንስራዋ ላይ ስሟን አትጽፍም፤ ገበያው ያውቃታል። የቺን አንጥረኛ ግን ስሙን የቀረጸው ሊኮራበት አይደለም። ጦሩ ቢሰበር ማን እንደሚጠየቅ ይታወቅ ዘንድ ነው። ስሙ ዋሱ ነበር።

ይህን ሥርዓት ያቆመው ሻንግ ያንግ የተባለ ሰው ነው። ቺን በምዕራብ ዳርቻ ያለች፣ ፈረስ አርቢ፣ ጎረቤቶቿ እንደ ባላገር የሚንቋት መንግሥት ነበረች። ሻንግ ያንግ ከሌላ አገር መጥቶ ከ356 ቅ.ል.ክ. ጀምሮ ሕጓን እንደ አዲስ ጻፈላት። ከማወጁ በፊት ግን አንድ ነገር አደረገ ይባላል። በገበያው ደቡብ በር ረጅም ግንድ አስቆመና ይህን ወደ ሰሜን በር ለወሰደ አሥር ወርቅ እሰጣለሁ አለ። ማን ይመነው? ሃምሳ አደረገው። አንድ ሰው ምን ይቀርብኛል ብሎ ተሸክሞ ወሰደው፣ ሃምሳውንም እጅ በእጅ ተቀበለ። ሕዝቡ ያን ቀን ይህ መንግሥት ያለውን እንደሚያደርግ ተማረ።

ሕጉ ሲመጣ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ቤተሰቦች በአምስት በአምስት፣ በአሥር በአሥር ተቧድነው አንዱ ለሌላው ዋስ ተደረጉ። የጎረቤቱን ወንጀል አይቶ ያልተናገረ ወገቡ ላይ ለሁለት ይቆረጣል፤ የተናገረ የጠላት ራስ እንዳመጣ ወታደር ይሸለማል። ማዕረግ በዘር መሆኑ ቀርቶ በጦር ሜዳ በተቆረጠ ራስ ቁጥር ሆነ። አልጋ ወራሹ ሕግ ሲጥስ እንኳ እሱን መንካት ባይቻል ሞግዚቶቹ ተቀጡ፣ የአንደኛው ፊት ተነቀሰ። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ የሚለው ተረታችን እዚያ አገር ለጥቂት ጊዜ የተሻረ መሰለ። ያ አልጋ ወራሽ ግን ነገሠ። ሻንግ ያንግ ሸሽቶ ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ ቢደርስ ባለቤቱ የጉዞ ወረቀት የሌለውን ሰው ማሳደር በሻንግ ያንግ ሕግ ያስቀጣል ብሎ መለሰው። በ338 ቅ.ል.ክ. ተገደለ፣ ሬሳውም በሠረገላ ተጎትቶ ተበጣጠሰ። ሰውየውን ገደሉት እንጂ ሕጉን አልነኩትም፤ ሕጉ ይጠቅማቸው ነበር።

ስለ ቺን ካነበብኳቸው ሁሉ የምወደው ግን የቦዩን ታሪክ ነው። ጎረቤቷ ሃን የቺንን ጉልበት በግንባታ ለማድከም ዠንግ ጉዎ የተባለ የውሃ ባለሙያ ላከች። ትልቅ ቦይ ቆፍሩ ብሎ መከራቸው፤ ሥራው በ246 ቅ.ል.ክ. ተጀመረ። መሀል ላይ ተንኮሉ ታወቀበትና ሊገድሉት ሆነ። እሱም አልካደም። የመጣሁት ልሰልላችሁ ነበር፣ ቢሆንም ቦዩ ካለቀ የሚጠቅመው እናንተን ነው ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ተናግሮ ዳነ። ቦዩ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተፈጸመ፤ ጨዋማውን ደረቅ ሜዳ እህል አበቀለበት፤ ያ እህል የቺንን ሠራዊት ቀለበ። የመጀመሪያዋ ሰለባ ራሷ ሃን ሆነች። በዚያን ጊዜ ቺን ውስጥ እውነት ተናግሮ መዳን ይቻል እንደነበር ልብ በሉልኝ።

ቦዩ በተጀመረበት ጊዜ ዙፋን ላይ የወጣው ዪንግ ዠንግ ዕድሜው 13 ነበር። የልጅነቱን ጣጣ፣ የእናቱን ውሽማ አመጽ፣ ያነገሠውን ነጋዴ ሉ ቡዌይን መርዝ እስከ መጠጣት ማድረሱን እዘለዋለሁ። ካደገ በኋላ ከ230 እስከ 221 ቅ.ል.ክ. ባሉት ዓመታት ስድስቱን መንግሥታት አንድ በአንድ ዋጣቸው፤ ሃን፣ ጃኦ፣ ዌይ፣ ቹ፣ የን፣ በመጨረሻም ቺ። ዘመናት ሙሉ ሲፋጁ የኖሩ መንግሥታት አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጠፉ። ንጉሥ የሚለው ስም አነሰውና «የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት» ተባለ። ከእኔ በኋላ የሚመጡት ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እየተባሉ እስከ አሥር ሺህኛው ትውልድ ይቆጠሩ ብሎም አዘዘ።

በሺያን ባለው የክፍለ አገሩ የታሪክ ሙዚየም አንድ የነሐስ ሚዛን ድንጋይ አለ፤ ድንጋይ አልኩ እንጂ ነሐስ ነው፣ 30 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በቻይናው መለኪያ አንድ ሺ የሚባለው ክብደት ነው። ጥንት ሲቀልጥ የተጻፈበት ጽሑፍ አለ። ከዚያ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት አገሩን ከጠቀለለ በኋላ መለኪያ ሁሉ አንድ ይሁን ያለበት አዋጅ ተጨምሮበታል። ሦስተኛው ጽሑፍ የልጁ የሁሃይ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ይህ ሦስተኛው ነው። ልጁ የሚለው፣ ይህን መለኪያ የሠራው አባቴ ነው፣ የቀድሞው ጽሑፍ ግን «ንጉሠ ነገሥት» ብቻ ስለሚል ከዘመናት በኋላ ሰው ከተከታዮቹ የአንዱን ሥራ እንዳይመስለው ግልጽ ይደረግ ነው። ስለ ሩቅ ዘመን ተጨነቀ። የቀረው ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም ነበር።

መለኪያው፣ ፊደሉ፣ ሳንቲሙ፣ የሠረገላው አክሰል ስፋት ሳይቀር አንድ ሆነ። አገሩ በ36 አውራጃ ተከፈለ። 120,000 ባለጠጋ ቤተሰቦች ከየቀያቸው ተነቅለው ወደ ዋና ከተማው ወደ ሺያንያንግ መጡ። የተማረኩት መሣሪያዎች ቀልጠው 12 ግዙፍ ምስሎች ሆኑ። መንገድ ተጠረገ፣ ግንብ ተገነባ፣ በ213 ቅ.ል.ክ. መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ በዓመቱ ከ460 በላይ ምሁራን ተገደሉ። ታላቁ ልጅ ፉሱ ይህ ነገር ሕዝቡን ያስደነግጣል ብሎ አባቱን መከረ። መልሱ ወደ ሰሜን ድንበር መላክ ሆነ፤ 300,000 ወታደር ይዞ ግንቡን ከሚያሠራው ከመንግ ቲየን ዘንድ። ዠንግ ጉዎ ጠላት ሆኖ የተማረውን ምሕረት ፉሱ ልጅ ሆኖ አላገኘውም።

እዚህ ላይ ነው፣ በእኔ አስተያየት፣ ነገሩ የተበላሸው። የቺን ትእዛዝ ወደ ታች ሲወርድ እንደ ጎርፍ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣ ወሬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ አጣ።

በ210 ቅ.ል.ክ. ንጉሠ ነገሥቱ ለአምስተኛ ጊዜ አገሩን ሊጎበኝ ወጥቶ በበጋው ሐሩር ሻቺዩ በተባለ ቦታ ሞተ፤ ዕድሜው 49 ነበር። የማይሞቱበትን መድኃኒት ፍለጋ ሰዎችን ወደ ባሕር የላከ ሰው ነውና ስለ ሞት ፊቱ ማንም አያነሳም። ከመሞቱ በፊት ለፉሱ ደብዳቤ አጽፎ ነበር፤ ወደ ሺያንያንግ መጥተህ ቀብሬን አስፈጽም የሚል። ደብዳቤው ታትሟል፣ አልተላከም። በማኅተሙ ጠባቂ በጃንደረባው ጃኦ ጋኦ እጅ ነው። መሞቱን የሚያውቁት አምስት ወይም ስድስት ጃንደረቦች፣ አብሮት የተጓዘው ትንሹ ልጁ ሁሃይ፣ ጃኦ ጋኦ ራሱና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ሲ ብቻ ናቸው።

ሊ ሲ ሞኝ አልነበረም። በወጣትነቱ ተራ ጸሐፊ ሳለ የሽንት ቤት አይጥና የእህል ጎተራ አይጥ አየ ይባላል። የሽንት ቤቷ ቆሻሻ እየበላች ሰውና ውሻ በመጣ ቁጥር ትደነግጣለች፤ የጎተራዋ በእህል ላይ ተዘርግታ ማንንም አትፈራም። ሰውም እንደ አይጥ ነው፣ ቁም ነገሩ የቆመበት ቦታ ነው ብሎ ጎተራ ፍለጋ ወደ ቺን መጣ፤ አገኘም። ጃኦ ጋኦ ያን ሌሊት የነገረው ነገር አጭር ነው። ፉሱ ከነገሠ ሹመቱ ለመንግ ቲየን ነው፣ አንተ ከጎተራው ትወጣለህ። ሊ ሲ አለቀሰ፣ ተስማማ። እውነተኛው ደብዳቤ ጠፋና ሌላ ተጻፈ፤ ፉሱ ራሱን ይግደል የሚል። መንግ ቲየን ነገሩ ሸቶት እስቲ እውነት መሆኑን እናጣራ አለ። ፉሱ ግን አባት ሙት ሲል ልጅ ምን ይጠይቃል ብሎ ራሱን ገደለ።

ሬሳው በተዘጋ ሠረገላ ውስጥ ነው። ምግቡ እንደ ወትሮው ይቀርባል። ሹማምንት ጉዳያቸውን በመስኮቱ ያሰማሉ፣ ውስጥ የተቀመጠ ጃንደረባ በሬሳው ስም ይሁን ይላል። ሰልፉ በአጭሩ መንገድ አልተመለሰም፤ የጉብኝቱ ዕቅድ እንዳይዛነፍና ማንም እንዳይጠረጥር ወደ ሰሜን ድንበር ዞሮ በመንግ ቲየን ቀጥተኛ መንገድ ወረደ። ሐሩሩ ሬሳውን አሸተተው። በየሠረገላው አንድ አንድ ሺ የጨው ዓሣ እንዲጫን ታዘዘ፤ ያ የነሐስ ሚዛን የሚለካው ክብደት መሆኑ ነው። ማንም ምን ሸተተኝ አላለም። ሊንቶንግ ሙዚየም ውስጥ በ1973 ዓ.ም. ከመቃብሩ አጠገብ የተገኙ ሁለት የነሐስ ሠረገላዎች አሉ፤ መጠናቸው የእውነተኛው ግማሽ ነው። ሁለተኛው የተዘጋ ነው፣ መስኮቶቹ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። ሰው ሁሉ የእጅ ሥራውን እያደነቀ ፎቶ ሲያነሳ እኔ የማስበው ስለ ዓሣው ነበር። ልጁ ይህን ስነግረው አፍንጫውን ያዘ።

ሁሃይ በዚያ ሽታ መሀል ነገሠ። መጀመሪያ ያጠፋው የገዛ ወንድሞቹን ነው፤ 12ቱ በሺያንያንግ ገበያ ተሰየፉ፣ አሥር እህቶቹም ተገደሉ። ጋኦ የተባለው ወንድሙ እንዳይሸሽ ለቤተሰቡ ፈራ። ከአባቴ ጋር ልቀበር ፍቀድልኝ ብሎ ጻፈ። ሁሃይ ደስ አለው፣ ለቀብሩም 100,000 ሳንቲም ሰጠ። ከመቃብሩ ምሥራቅ፣ ሻንግጂያኦ በምትባል መንደር፣ የወጣቶች አጽም ያረፈባቸው መቃብሮች ተቆፍረዋል፤ በአንደኛው የራስ ቅል ላይ የቀስት ጫፍ ተሰክቶ ተገኝቷል። የእነዚያ ወንድሞችና እህቶች ሳይሆኑ አይቀሩም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። የአባትየው ቀብር ሲፈጸም ደግሞ ምስጢሩን የሚያውቁት ሠራተኞች በር ተዘግቶባቸው ውስጥ ቀሩ፤ ይህን የጻፈው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የኖረው ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን ነው።

አሁን ስለ መዘግየት። እኔ ከቤይጂንግ ስመጣ ባቡር አምልጦኝ ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ሻይ ስጠጣ ሰዓቱ አለፈ። መስኮቷ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ፓስፖርቴን ተቀብላ ለሚቀጥለው ባቡር ቀየረችልኝና ፈገግ ብላ መለሰችልኝ። በ209 ቅ.ል.ክ. ግን 900 ግዳጅ የተጣለባቸው ሰዎች በዛሬው ቤይጂንግ አጠገብ ወዳለው ድንበር ሲነዱ ዝናብ መንገድ ዘጋባቸው። ቀኑ አለፈ። ከመሀላቸው ቼን ሸንግና ዉ ጉዋንግ የተባሉ ሁለት ገበሬዎች ተነሡ። ብንደርስም ሞት፣ ብንሸሽም ሞት ነው፤ እንግዲያውስ አገር ይዘን እንሙት አሉ። መኳንንት መሆን በዘር ነው እንዴ ብለውም ጠየቁ። ባለሥልጣኖቹን ገድለው በየአውራጃው እሳት ለኮሱ።

የቺን ሕግ ለዘገየ ሰው በእርግጥ ሞት ነበር? በ1968 ዓ.ም. ሁቤይ ክፍለ አገር፣ ዩንመንግ ውስጥ፣ አንድ የቺን ዝቅተኛ ሹም ከ1,100 በላይ ጽሑፍ ካለባቸው የቀርከሃ ስንጥሮች ጋር ተቀብሮ ተገኘ። ሕግ ናቸው። ለግዳጅ ሥራ ከሦስት እስከ አምስት ቀን የዘገየ ይገሠጻል። ከስድስት እስከ አሥር ቀን የዘገየ አንድ ጋሻ ይቀጣል። ከዚያ ያለፈ አንድ ጥሩር ይቀጣል። ዝናብ ከከለከለ ግን ግዳጁ ይሰረዛል ይላል። ምሁራን ይህ ለሥራ እንጂ ለወታደር አይደለም እያሉ ይከራከራሉ። ክርክሩን ለእነሱ ልተወው። ሁለቱ ገበሬዎች ቢዋሹስ እንኳ? እኔን የሚገርመኝ የ900ው ሰው ማመን ነው። ስለዚያ መንግሥት የተባለ ክፉ ነገር ሁሉ ሳይጣራ የሚታመንበት ደረጃ ላይ ተደርሶ ነበር። ለግንድ ተሸካሚው ሃምሳ ወርቅ የከፈለው መንግሥት ይኸው ነው።

ከምሥራቅ የመጣው መልእክተኛ አመጽ መነሣቱን ለሁሃይ ነገረው። አሰረው። የሚቀጥለው መልእክተኛ ይህን ሰምቷልና ጥቂት ሽፍቶች ናቸው፣ እየተያዙ ነው፣ አያሳስብም አለ። ሁሃይ ደስ አለው። እንዲህ እየተባለ አማጺው ጦር ከአባቱ መቃብር ብዙም ወደማይርቅ ቦታ ደረሰ። ያን ጊዜ የተገኘው ብቸኛ ዘዴ መቃብሩን የሚሠሩትን እስረኞች ምሮ ማስታጠቅ ሆነ። ዣንግ ሃን የተባለው ሹም እነሱን ይዞ ወጣ፣ አማጺውንም ለጊዜው መለሰ። ሸክላዎቹ ከአፈሩ በታች ወደ ምሥራቅ እንዳፈጠጡ ቆመው ነበር፤ የተዋጉት የቆፈሯቸው ሰዎች ናቸው።

ሊ ሲ በ208 ቅ.ል.ክ. በጃኦ ጋኦ ክስ በሺያንያንግ ገበያ ወገቡ ላይ ተቆረጠ። ሲወስዱት ወደ ልጁ ዞሮ፣ ቢጫውን ውሻችንን ይዘን ከአገራችን በር ወጥተን ጥንቸል ማደን ከእንግዲህ የት ይገኛል አለው፤ ተያይዘው አለቀሱ። ጎተራው ውስጥ 40 ዓመት ያህል የቆየች አይጥ በመጨረሻ የናፈቀችው ሜዳውን ነበር።

ከዚያ ጃኦ ጋኦ ብቻውን ቀረ። ማን ከእሱ ጋር እንደሆነ ሊያውቅ ፈልጎ አንድ አጋዘን ወደ አደባባይ አስገባና ለሁሃይ ፈረስ አመጣሁልዎ አለው። ሁሃይ ሳቀ፣ አጋዘን አይደለም እንዴ ብሎ በዙሪያው ያሉትን ጠየቀ። አንዳንዱ ዝም አለ፣ አንዳንዱ ፈረስ ነው አለ። አጋዘን ነው ያሉት በኋላ አንድ በአንድ ተለቅመው ጠፉ። ቻይናውያን ዛሬም እውነትን አውቆ የሚገለብጥን ሰው «አጋዘን አሳይቶ ፈረስ ይላል» ይሉታል። የወንድሜ ልጅ ይህን አባባል ቋንቋ ሲጀምር ተምሮታል፤ ከየት እንደመጣ ግን እዚህ ጉብታ ፊት እስክንቆም አልጠየቀም ነበር።

በ207 ቅ.ል.ክ. የጃኦ ጋኦ አማች የን ሌ ጦር ይዞ ሁሃይ ያለበት ቤተ መንግሥት ገባ። ጠባቂዎቹ ተበተኑ። ከሁሃይ አጠገብ አንድ ጃንደረባ ብቻ ቀረ። ይህን ሁሉ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም አለው። ጃንደረባው፣ ስላልነገርኩ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት፣ ብናገር ኖሮ እስካሁን ተገድያለሁ ብሎ መለሰ። ሁሃይ አንድ አውራጃ ስጡኝ ብሎ ለመነ። እምቢ ተባለ። የአሥር ሺህ ቤቶች ገዥ ልሁን አለ። እምቢ። ከሚስቴ ጋር ተራ ሰው ሆኜ ልኑር አለ። የን ሌ ወታደሮቹን ወደ ፊት ሲያዝ ሁሃይ ራሱን ገደለ። ዕድሜው 24 አይሞላም የሚሉ አሉ። እንደ ተራ ሰው ቅበሩት ተባለና እዚህ፣ አሁን አሮጊቶቹ የሚዞሩት ቦታ ላይ ተቀበረ። በሕይወት ሳለ ለምኖ የተከለከለውን ተራ ሰውነት ሲሞት ሰጡት።

ቀጥሎ የመጣው ዚዪንግ ጃኦ ጋኦን ገደለ። «ሦስተኛው ንጉሠ ነገሥት» መባልም ቀርቶ ንጉሥ ብቻ ተብሎ 46 ቀን ቆየ። በነጭ ፈረሶች በሚሳብ ሠረገላ፣ አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ፣ ማኅተሙን ለአማጺው ለሊዩ ባንግ አስረከበ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌላው አማጺ ሺያንግ ዩ መጥቶ ገደለው። ሺያንያንግን አቃጠለ፤ እሳቱ ሦስት ወር ነደደ ይባላል። በሊንቶንግ ጉድጓድ ውስጥ የከሰለ እንጨትና የተቃጠለ አፈር በዓይን ይታያል፤ ብዙ ሰው የሚያሳብበው በእሱ ላይ ነው።

ሊዩ ባንግ የመንደር ሹም ነበር። አንድ ጊዜ እስረኞችን ለንጉሠ ነገሥቱ መቃብር ሥራ ሲነዳ በየመንገዱ እያመለጡ ቀነሱበት። ጎደሎ ይዞ ቢደርስ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃልና የቀሩትንም ፈትቶ ራሱ ሸፈተ። ከሺያንያንግ ሲገባ ሌሎቹ ወደ ወርቅና ሐር ሲሮጡ የእሱ ሰው ሺያኦ ሄ ቀድሞ የገባው መዝገብ ቤት ነው። የቺንን የሕዝብ መዝገብና ካርታ ሁሉ ጭኖ ወጣ። የመሠረቱት የሃን ሥርወ መንግሥት በዚያ መዝገብ፣ በእነዚያው አውራጃዎች፣ በአብዛኛውም በዚያው ሕግ 400 ዓመት ገዛ። ቺን አገሩን ከጠቀለለ ጀምሮ የቆየው 15 ዓመት ነው።

«ስለዚህ የወደቀው ሕጉ መጥፎ ስለሆነ አይደለም ማለት ነው» አለ ልጁ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ጉብታውን አየት አድርጎ፣ «እኔ የምለው ያ ጃንደረባ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሲማ ቺየን ስሙን እንኳ አልጻፈውም። በጦር ጫፍ ላይ የአንጥረኛውን ስም የሚያስቀርጽ መንግሥት ውስጥ ለንጉሡ አንድ ጊዜ እውነት የነገረው ሰው ስም የለውም።

ሺያን ከሄዳችሁ ሊንቶንግን ማየታችሁ አይቀርም፤ እዩት፣ ሮማኑንም ቅመሱ። በማግስቱ ግን ወደ ደቡብ ውረዱና ቹጂያንግ ያለውን ጉብታ ጠይቁ። ሹፌሩ ተሳስታችኋል ቢላችሁ አትስሙት። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ አግዳሚ ወንበርም አለ።